ማዞሪያው አልቆ ቁጥሩ ያልወረደ፦ የአንድ ስቴሪዮ 70 አምፕሊፋየር የባያስ ጉዳይ

አምፕሊፋየሩ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደሚገኘው የቤቴ ምድር ቤት የገባው በጋቢ ተጠቅልሎ ሲሆን፣ ድምፁን የሚያጎሉት አራቱ ትልልቅ የመስታወት ቲዩቦቹ ተነቅለው ለየብቻ በጋዜጣ ተጠቅልለው ነበር። ባለቤቱ ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሰበሰቡትን ሸክላ ማታ ማታ የሚያዳምጡ አባት ናቸው። መሣሪያው ፊላደልፊያ ይገኝ የነበረው የዴቪድ ሃፍለር ኩባንያ ዳይናኮ በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ስቴሪዮ 70 ነው። በየወገኑ 35 ዋት የሚሰጥ ሆኖ፣ ራሱ መገጣጠም ለሚፈልግ ሰው ክፍሎቹ በሣጥን ተደርገው በ99 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይሸጡ ስለነበር፣ ዛሬ በእጃችን ከሚገቡት ብዙዎቹ የተበየዱት በፋብሪካ ሳይሆን በአንድ ሰው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለጠጋኝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በአንዱ ስቴሪዮ 70 ያገኘውን ልምድ በሌላው ላይ እንዳለ ሊተማመንበት አይችልም።

«ልጄ፣ የቀኙ ይቆጣል» አሉኝ። ይቆጣል ያሉት ከቀኝ ወገን ሁለት ቲዩቦች አንዱ፣ አምፕሊፋየሩ በተከፈተ በሩብ ሰዓት ውስጥ ውስጡ ያለው ግራጫ ብረት ፍም እየመሰለ መቅላቱን ነው። ከእኔ በፊት ያየው ጠጋኝ ቲዩቦቹ አርጅተዋል ብሎ እርስ በርስ የተመጣጠኑ አራት አዲስ ኢኤል34 ቲዩቦችን አስገዝቷቸው፣ ባያሱንም አስተካክሎ መልሶላቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት አዲሱም ቲዩብ በዚያው ቦታ ቀላ።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት ባያስ የምንለውን ነገር ላስቀምጥ። በቲዩቡ ውስጥ ካቶዱ ሲሞቅ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ያለበት ፕሌት ደግሞ ይስባቸዋል። በመካከላቸው ያለው ግሪድ የተባለው ቀጭን የሽቦ ጥምጥም ከካቶዱ ይልቅ ኔጌቲቭ ሲደረግ ፍሰቱን ያግዳል፤ ይበልጥ ኔጌቲቭ በሆነ ቁጥር ኮረንቱ ይቀንሳል። ሙዚቃ በሌለበት ጊዜ በቲዩቡ የሚያልፈውን ኮረንት የሚወስነው ይህ ቋሚ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ነው። ሲበዛ ቲዩቡ ይታነቅና ዝግ ባለ ሙዚቃ ላይ ድምፁ ይሻክራል፤ ሲያንስ ወይም ሲጠፋ ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሞቆ ይቀላል፤ በዚያ ሁኔታ ከቆየም ራሱ ብቻ ሳይሆን ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያስተላልፈውን የውጤት ትራንስፎርመርንም ይዞ ሊሞት ይችላል። ቲዩብ ሁልጊዜም በገበያ ይገኛል፤ የዚህ አምፕሊፋየር ኦሪጅናል ትራንስፎርመር ግን እንደ ልብ አይገኝም።

በስቴሪዮ 70 ላይ የአንድ ወገን ሁለት ቲዩቦች ካቶዶች ተገናኝተው በአንድ 15.6 ኦም ሬዚስተር (ኮረንትን የሚገታ ክፍል) በኩል ወደ መሬት ይወርዳሉ። መመሪያው በዚህ ሬዚስተር ላይ 1.56 ቮልት እስኪነበብ ድረስ ባያሱን የሚያስተካክለውን የዚያን ወገን ማዞሪያ አዙር ይላል፤ ይህም ለሁለቱ 100 ሚሊ አምፒር፣ ለእያንዳንዱ 50 ማለት ነው። ቁጥሩ አንድ ምቾት ነበረው፦ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ለዚህ በጣም የቀረበ ቮልቴጅ ስለሚሰጥ፣ ርካሽ ቴስተር የያዘ ሰው መርፌው የት ላይ መቆም እንዳለበት በድንጋዩ አይቶ መሥራት ይችላል። ብልህ ዘዴ ነው። ነገር ግን የሚነበበው የሁለት ቲዩቦች ድምር እንጂ የየአንዳንዳቸው ድርሻ አለመሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። አንዱ 80፣ ሌላው 20 ቢወስድም ቴስተሩ ያለ አንዳች ሐፍረት 1.56 ይላል።

መሣሪያውን ያበራሁት በተከታታይ በገባ የ100 ዋት አምፖል በኩል ነው፤ ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ በደንብ ይበራና ጉዳቱን ይችላል። በውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ስለሚኖር፣ እጄን ከማስገባቴ በፊት ሁልጊዜ ነቅዬ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች መራገፋቸውንም በቴስተር አረጋግጬ ነበር። በዚህ ደረጃ ምንም ሾርት አልተገኘም፤ ስለዚህ አምፖሉን አውጥቼ በቀጥታ ከግድግዳው አበራሁት።

የመጀመሪያዎቹ ንባቦች እነዚህ ነበሩ። የግራው ወገን 1.5 ቮልት ነበር፤ ላይ ላዩን ሲታይ ጤነኛ ነው። የቀኙ 2.19 ቮልት ሆኖ ቀስ በቀስ ይጨምር ነበር። ማንኛውም ሰው የቀኙን ቁጥር አይቶ ይደነግጣል፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የሁለቱም ማዞሪያዎች ኮረንቱን በሚቀንሱበት አቅጣጫ መጨረሻቸው ላይ ደርሰው መቆማቸው ነው። የግራው ወገን «ትክክለኛ» ቁጥሩን የሰጠው ያለችውን አቅም ሁሉ ጨርሶ ነበር። ማስተካከያ ጫፉ ላይ ደርሶ ከቆመ ችግሩ ከማስተካከያው በፊት ነው፤ የቀድሞው ጠጋኝ ግን የግራውን ቁጥር አይቶ አልፎታል።

ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ፣ ሲቀዘቅዝ በቀኝ ወገን ያሉትን ሁለት ቲዩቦች ቦታ አለዋወጥኋቸው። ገንዘብ የማያስወጣ፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው። ቅላቱ ከቲዩቡ ጋር ቢሄድ ኖሮ ጥፋቱ የቲዩቡ ይሆን ነበር፤ ቅላቱ ግን ከሶኬቱ ጋር ቀረ። ቲዩቦቹ ከመገዛታቸው በፊት ይህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ አባታችን ለአራት አዲስ ቲዩቦች ያወጡት ገንዘብ በኪሳቸው ይቀር ነበር። ይህን አልነገርኋቸውም፤ እሳቸው ግን ሳለዋውጥ አጠገቤ ቆመው ስላዩ ራሳቸው ደረሱበት።

የእያንዳንዱን ቲዩብ ድርሻ ለማወቅ በየካቶዱ ላይ፣ ከጋራው ሬዚስተር በፊት፣ ባለ 10 ኦም አንድ ፐርሰንት ሬዚስተር ለየብቻ በየድኋቸው። በ10 ኦም ላይ እያንዳንዱ 10 ሚሊ ቮልት አንድ ሚሊ አምፒር ስለሆነ ሂሳቡ በጭንቅላት ያልቃል። የውጤት ትራንስፎርመሩን ጥምጥም መለካትም ይቻላል፤ ሆኖም የቴስተሩን ሁለቱንም ጫፍ 440 ቮልት ላይ ማስቀመጥ ስለሚጠይቅ፣ ሌላ መንገድ እያለ አልመርጠውም። ውጤቱ ግልጽ ነበር፦ አንዱ ቲዩብ 48 ሚሊ አምፒር፣ ሌላው 78። የሁለተኛውን ማንበቤን እንደጨረስሁ አጠፋሁት።

እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ብቅ አለ። 48 እና 78 ሲደመሩ 126 ሚሊ አምፒር ይሆናሉ፤ ይህ በ15.6 ኦም ሲባዛ 1.97 ቮልት ይሰጣል። እኔ ግን ያነበብሁት 2.19 ነበር። ስለዚህ ወይ ቴስተሬ ይዋሻል፣ ወይ ሬዚስተሩ 15.6 አይደለም። ነቅዬ ስለካው 17.4 ኦም ሆኖ ተገኘ፤ ለወራት ከአቅሙ በላይ ሲሞቅ ኖሮ ዋጋው ሸሽቷል። በዚህ ጉዳይ ስሕተቱ የወደቀው ደግ በሆነው በኩል ነው፤ ዋጋው የጨመረ ሬዚስተር ኮረንቱን ከእውነተኛው አብልጦ ስለሚያሳይ ሰውየው ወደ ታች እንዲያስተካክል ያደርጋል። ዋጋው ቀንሶ ቢሆን ግን ያው 1.56 ቲዩቡን ያቃጥል ነበር። መለኪያው ራሱ ሳይለካ የተነበበ ባያስ ንባብ አይባልም።

አሁን አንዱ ቲዩብ ብቻ ለምን 30 ሚሊ አምፒር አብልጦ እንደሚወስድ ወደማግኘት ተሸጋገርሁ። ባለቤቱ በቤታቸው የራሳቸውን ምርመራ አድርገው ነበር፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያቆዩትን ባለ መርፌ ቴስተር ይዘው አራቱንም ግሪዶች ለክተው በወረቀት ላይ ጽፈውልኛል፦ ሦስቱ 28 ቮልት ኔጌቲቭ፣ አንዱ 24። ከዚህ ተነሥተው የባያስ ቮልቴጁ በሙሉ ወድቋል ብለው ደምድመዋል። «ጋሼ፣ ንባብዎ ትክክል ነው፤ ቴስተሩ ግን ሲለካ ይበላል» አልኋቸው። የዚያ ዓይነት ቴስተር ለእያንዳንዱ ቮልት 20 ሺህ ኦም ስላለው፣ በ50 ቮልት መደብ ላይ ሲሆን ለሚለካው ነገር የአንድ ሚሊዮን ኦም ሸክም ነው። በዚህ አምፕሊፋየር ላይ ደግሞ የባያስ ቮልቴጁ ወደ ግሪዱ የሚደርሰው በ270 ሺህ ኦም ሬዚስተር በኩል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከቮልቴጁ አንድ አምስተኛ ያህሉ በመለካቱ ብቻ ይጠፋል፤ በእውነት 36 የሆነው 28 ሆኖ ይነበባል። የእኔ ዲጂታል ቴስተር የ10 ሚሊዮን ኦም ሸክም ስለሆነ ያው ግሪድ ላይ 35 አነበበ፤ እሱም ትንሽ በልቷል፤ ነገር ግን የሚታለፍ ነው። አባታችን መርፌውን ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «ስንቱን ሬዲዮ በዚህ ፈርጄበት ኖሯል» አሉ።

በዲጂታሉ ሦስቱ ግሪዶች 35 ቮልት ኔጌቲቭ ሲሆኑ የሚቀላው ቲዩብ ግሪድ 30 ገደማ ነበር። አምስት ቮልት ጎድሎበታል። ይህን የሚያደርጉ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ አንዱ በውስጡ ጋዝ የገባበት ቲዩብ ከራሱ ግሪድ ኮረንት ሲያፈስ፣ ሌላው የሙዚቃውን ምልክት ከፊተኛው ቲዩብ እያሳለፈ ቋሚውን ቮልቴጅ ማገድ ያለበት የ0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ሲያፈስ ነው። ለመለየት ቲዩቡን ከሶኬቱ አውጥቼ ባዶውን የግሪድ እግር ለካሁ፤ አሁንም 30። ስለዚህ ቲዩቡ ንጹሕ ነው። የካፓሲተሩን አንድ እግር በካውያ ሳላቅቅ ንባቡ ወደ 35 ተመለሰ።

ሂሳቡም ይስማማል። በ270 ሺህ ኦም ላይ አምስት ቮልት ማለት ከ20 ማይክሮ አምፒር ያነሰ ኮረንት ነው፤ በካፓሲተሩ ማዶ ወደ 300 ቮልት የሚጠጋ ፖዘቲቭ ስላለ፣ ፍሳሹ ከ18 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ጋር እኩል ነው። ይህን ያህል ጥቂት ፍሳሽ አንድ ቲዩብ ለማቅላት በቃ። ካፓሲተሩን ለብቻው በቴስተር ኦም መደብ ስለካው ግን ምንም አላሳየም፤ የቀድሞው ጠጋኝ ለክቶት ከነበረም ጤነኛ ነው ብሎ ቢያልፈው አልፈርድበትም። የሚያፈሰው ሲሞቅና ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲጫንበት ነው። 300 ቮልት ከቴስተሩ ጋር በተከታታይ ሰጥቼው ሲቀዘቅዝ 20 ቮልት ያህል አነበብሁ፤ በፀጉር ማድረቂያ ሳሞቀው ከ100 አለፈ። ቲዩቡ ለመቅላት ሩብ ሰዓት የሚወስድበትም ምክንያት ይኸው ነበር፤ ካፓሲተሩ በትራንስፎርመሮቹና በቲዩቦቹ መካከል ባለው ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ እስኪሞቅ ድረስ ይታገሣል።

የወደቀው ይህ ካፓሲተር እንጂ የጎረቤቱ አለመሆኑም የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። በስቴሪዮ 70 ላይ ምልክቱን ለሁለት የሚከፍለው የፊተኛው ቲዩብ (7199) ትሪዮድ የተባለው ክፍል አንዱን ግማሽ ከፕሌቱ፣ ሌላውን ከካቶዱ ይሰጣል። ከፕሌቱ የሚነሣው ካፓሲተር ከካቶዱ ከሚነሣው ይልቅ እጅግ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚሸከም የሚያረጀውም አስቀድሞ ነው። ለማንኛውም አራቱንም ባለ 630 ቮልት ፊልም ካፓሲተሮች ለወጥኋቸው፤ ስድሳ ዓመት ካለፋቸው አራት ወንድማማቾች አንዱን ቀብሮ ሦስቱን መተው ቁጠባ አይደለም። የፋብሪካውን ጥራት ለመንቀፍ አይደለም፤ ካፓሲተሩ ዕድሜውን ከሚገባው በላይ አገልግሏል።

ቅላቱ ቆመ። ሁለቱም የቀኝ ቲዩቦች ወደ 48 ሚሊ አምፒር ተጠጉ። ብዙ ጠጋኝ እዚህ ላይ ክዳኑን ይገጥማል፤ ሁለቱ ማዞሪያዎች ግን ገና መጨረሻቸው ላይ ነበሩ።

ሁለቱንም ወገን በእኩል የሚነካ ነገር የጋራ ምንጫቸው ነው። የባያስ ቮልቴጁ ከኃይል ትራንስፎርመሩ አንድ ቅርንጫፍ ተነሥቶ በሴሌኒየም ሬክቲፋየር ይቀናና በሁለት የ50 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተሮች ይጣራል። ሴሌኒየም የተደረደሩ ሳህኖች የሚመስል የያኔው ዘመን ዳዮድ፣ ማለትም ኮረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል ነው፤ ሲያረጅ በአንድ ጊዜ አይሞትም፣ የውስጥ ሬዚስተንሱ እየጨመረ የሚሰጠው ቮልቴጅ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። ቢቃጠል ሽታው የበሰበሰ ነገር ይመስላል፤ ጭሱም መርዛማ ስለሆነ መስኮት ሳይከፍቱ አጠገቡ መቆም አይገባም። ወደ ኔጌቲቭ በሚወስደው ጫፍ የሚገኘው ቮልቴጅ 36 ብቻ ነበር። ሴሌኒየሙን በአንድ ዋን ኤን 4007 ሲሊኮን ዳዮድ፣ ሁለቱን ካፓሲተሮችም በአዲስ ስለውጣቸው ጫፉ 43 ደረሰ፤ ማዞሪያዎቹም መካከላቸው ላይ ተመልሰው መሥራት ጀመሩ። እነዚህ ካፓሲተሮች ሲገቡ ፖዘቲቭ እግራቸው ወደ መሬት እንጂ ወደ ቮልቴጁ አይደለም። እጅ በልማድ ተቃራኒውን ይሠራል፤ እኔም ከዓመታት በፊት አንዱን ገልብጬ አፈንድቼዋለሁ።

ማዞሪያዎቹ ራሳቸው ሲነኩ ንባቡ ይዘል ነበርና እነርሱም ተለወጡ። በዚያው አጋጣሚ ከማዞሪያው መካከለኛ እግር እስከ ኔጌቲቭ ጫፉ ድረስ አንድ የ100 ሺህ ኦም ሬዚስተር ጨመርሁ። የውስጡ መንሸራተቻ አንድ ቀን ግንኙነቱን ቢያጣ ግሪዱ ያለ ባያስ ሳይቀር ወደ ሙሉው ኔጌቲቭ ይሄዳል፤ ቲዩቡ ከመንደድ ይልቅ ይተኛል። በዋናው ንድፍ ላይ ይህ የለም። እኔ ግን ያለ እሱ ቋሚ ባያስ ያለውን አምፕሊፋየር ለባለቤቱ መመለስ ካቆምሁ ቆይቻለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ቁጥሩ ስንት ይሁን የሚለው ነው። 1.56 የተጻፈው የግድግዳው መብራት 117 ቮልት ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን ነው። በእኔ ቤት የዚያን ቀን 123 ነበር፤ የፕሌቱም ቮልቴጅ 440 ደረሰ። በ50 ሚሊ አምፒር ይህ 22 ዋት ነው፤ የኢኤል34 ፕሌት ገደብ 25 ዋት ስለሆነ ቲዩቡ ሙዚቃ ሳይጀመር የገደቡን 88 ፐርሰንት ይሸከማል ማለት ነው። በካቶዱ ከሚያልፈው ጥቂቱ ስክሪን የተባለው ሌላ ግሪድ ድርሻ ስለሆነ ትክክለኛው ከዚህ ትንሽ ያንሳል፤ ቢሆንም ለዛሬ ቲዩቦች ይህን ያህል ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም። 40 ሚሊ አምፒር መረጥሁ፤ 17.6 ዋት፣ የገደቡ 70 ፐርሰንት። መመሪያውን እንደ ቅዱስ ቃል የሚያዩ ሰዎች እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ሁለቱን አማራጮች በአንድ የትዝታ ሸክላ ላይ አፈራርቀን ስናዳምጥ የእኔም የባለቤቱም ጆሮ ልዩነት አላገኘም።

የጋራውን ሬዚስተር በአዲስ 15.6 ኦም ተካሁ፤ ፊት ለፊት ባለው ሶኬት ላይ እንደ ጥንቱ ማንበብ እንዲቻልም የ10 ኦሞቹን ከእሱ በላይ ተውኋቸው። ሁለት ዓይነት ሬዚስተር ባለበት መሣሪያ ላይ ግን የሚመጣው ጠጋኝ ሊሳሳት ይችላል፤ መመሪያውን ይዞ በ10 ኦሙ ላይ 1.56 ቮልት ቢፈልግ አንዱን ቲዩብ 156 ሚሊ አምፒር ሊያስጭን ይሞክራል። ስለዚህ በታችኛው ክዳን ውስጥ በቋሚ ቀለም «በየካቶዱ 400 ሚሊ ቮልት፣ በጋራው 1.25 ቮልት» ብዬ ጻፍሁ። ማስተካከሉን የሠራሁት ግማሽ ሰዓት ካሞቅሁት በኋላ ነው። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ምንጭ ስለሚጠጡ አንዱ ሲነካ ሌላው ትንሽ ይነቃነቃልና ግራ ቀኝ እየተመላለስሁ ሦስት ጊዜ ደገምሁት። የቀኞቹ ቲዩቦች 38 እና 42 ላይ ቆሙ፤ የአራት ሚሊ አምፒር ልዩነት የውጤት ትራንስፎርመሩን አያስቸግርም።

ባለቤቱ ግን የዓመቱን እኩሌታ አዲስ አበባ እንደሚያሳልፉና አምፕሊፋየሩን ይዘው ለመሄድ እንዳሰቡ የነገሩኝ ሥራው ካለቀ በኋላ ነበር። በኢትዮጵያ መብራቱ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የቮልቱን ነገር ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈታዋል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ለ60 ኸርዝ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር በተመሳሳይ ቮልቴጅ 50 ኸርዝ ሲሰጠው በብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ጫና 20 ፐርሰንት ይጨምራል፤ ይሞቃል፣ ያጉረመርማልም። ስለዚህ ከ115 ወይም 120 ይልቅ 110 የሚሰጠውን እንዲገዙ መከርኋቸው። የቲዩቦቹ ማሞቂያ በዚያን ጊዜ ከ6.3 ወደ 5.9 ቮልት ገደማ ይወርዳል፤ ከሚፈቀደው 10 ፐርሰንት አይወጣም።

ከአዲስ አበባ የደወሉት አንድ ማታ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ይህን ጊዜ የያዙት ዲጂታል ቴስተር ነበር። ንባቡ 1.09 ስለሆነ ማዞሪያውን ልጨምር ወይ አሉኝ። የፕሌቱም የባያሱም ቮልቴጅ ከአንድ ትራንስፎርመር ስለሚነሡ አብረው ይወርዳሉ አብረውም ይወጣሉ፤ ንባቡም የሰፈሩን መብራት ይከተላል። ሁሉም ምድጃውን በለኮሰበት ሰዓት ያስተካከሉት ባያስ ሰፈሩ ሲተኛ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል። «ጋሼ፣ አይንኩት፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለኩትና ይንገሩኝ» አልኋቸው። ሌሊቱን ላኩልኝ፦ ግራው 1.21፣ ቀኙ 1.19፤ ማዞሪያው አልተነካም።